ሰዓቱ ይታይ፣ ጉዳዩ ይሸፈን፦ የሥራ ካላንደርን ለባልደረቦች ስለማጋራት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ደሴ ከተማ አራት ጠበቆች አንድ ቢሮ ተከራይተን እንሠራለን። ቢሮውና ጸሐፊዋ የጋራ ሲሆኑ ደንበኞቻችን ግን የየግላችን ናቸው። ቀጠሮዎቻችንን በጉግል ካላንደር እንመዘግባለን፤ አንዳችን ወልድያ ወይም ኮምቦልቻ ችሎት ስንሄድ ሌሎቹ እንዲያውቁ ካላንደሮቻችንን እርስ በርስ ተጋርተናል። ባለፈው ወር ግን አንድ ባልደረባዬ ቡና እየጠጣን ሳለ የአንዲት ደንበኛዬን ስም ጠርቶ ‹የፍቺው ነገር ተጀመረ እንዴ?› ሲል ጠየቀኝ። ያወቀው ከካላንደሬ ነው። ባልደረቦቼ መቼ ሥራ እንደያዝኩ ብቻ እያዩ፣ ከማን ጋርና ስለምን እንደሆነ እንዳያዩ ማድረግ ይቻላል? እያንዳንዱን ቀጠሮ ‹ፕራይቬት› ብዬ ብመዘግበውስ ይበቃል?»

ምላሽ፦

ይቻላል። «ፕራይቬት» የሚለው ምርጫ ብቻውን ግን አይበቃዎትም፤ እንዲያውም እንደ እርስዎ ባለ ቢሮ፣ አንዲት ጸሐፊ ለሁሉም ቀጠሮ በምትይዝበት ቦታ፣ ተሸፍኗል ብለው የተማመኑበትን ነገር ገልጦ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። አስቀድሜ ምክንያቱን ላስረዳ፤ ከዚያ በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ ቢሮዎች እኔ ራሴ የምዘረጋውን አሠራር እገልጻለሁ።

አንድ ቀጠሮ ለማን እንደሚታይ የሚወሰነው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ካላንደሩን ለባልደረባዎ ሲያጋሩ የሚሰጡት የፈቃድ ደረጃ ሲሆን፣ እሱ በካላንደሩ ላይ ለሰፈረው ቀጠሮ ሁሉ፣ ላለፈውም ለሚመጣውም፣ ይሠራል። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ቀጠሮ ላይ ለየብቻው የሚደረገው ምልክት ነው፤ «ፕራይቬት» የሚባለው ይኸኛው ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ለይቶ ስለማያያቸው የመጀመሪያውን ልቅ ያደርግና በሁለተኛው ለመድፈን ይሞክራል።

በጉግል ካላንደር ለአንድ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ አራት ደረጃ አለው። ዝቅተኛው፣ ተመልካቹ በዚያ ሰዓት ነጻ መሆንዎን ወይም ሥራ መያዝዎን ብቻ እንዲያይ ያደርጋል፤ በእንግሊዝኛው ገጽ «ፍሪ/ቢዚ» የሚሉትን ቃላት የያዘው ምርጫ እሱ ነው። ቀጣዩ የቀጠሮውን ርዕስ፣ ቦታና ማብራሪያ ሁሉ ያሳያል፤ ሦስተኛው ቀጠሮ መጨመርና መቀየር ያስችላል፤ አራተኛው ከመቀየር አልፎ ካላንደሩን ለሌላ ሰው የማጋራት ሥልጣን ይሰጣል። ባልደረባዎ የደንበኛዎን ስም ሊያነብ የቻለው ቢያንስ ሁለተኛው ደረጃ ስለተሰጠው ነው። ሰርስሮ ገብቶ አይደለም፤ የተከፈተለትን ነው ያየው፤ ስለዚህ እሱን ከመቀየምዎ በፊት ቅንብሩን ይመልከቱ።

አሁን ወደ «ፕራይቬት» እንመለስ። ይህ ምልክት ዝርዝሩን የማየት ፈቃድ ብቻ ላለው ሰው በትክክል ይሠራል፤ ርዕሱ ይጠፋና ሥራ መያዝዎን የሚናገረው ቃል ብቻ ይቀራል። የመቀየር ፈቃድ ላለው ሰው ግን ምንም አይሸፍንም። እሱ ፕራይቬት የተባለውንም ቀጠሮ ከእነ ማብራሪያው ያነበዋል፤ ጸሐፊዎ ቀጠሮ የምትይዝልዎት ደግሞ በዚህ ደረጃ ነው። በጋራ ቢሮዎች አዘውትሬ የማየው፣ አራቱም ለአራቱም የመቀየር ፈቃድ ሰጥተው፣ «አንዱ ቢታመም ሌላው ያስተካክልለታል» ብለው የተስማሙበትን አሠራር ነው። የእናንተም እንዲህ ከሆነ፣ ፕራይቬት የተባለው ቀጠሮ በቢሮው ውስጥ ከማንም አልተሰወረም ማለት ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ድርጅት የደረሰውን ላንሣ። ሥራ አስኪያጁ የመኪና ስምሪት እንዲቀልለት ለሾፌሩ የካላንደሩን የመቀየር ፈቃድ ሰጠው፤ የሐኪም ቤት ቀጠሮዎቹን ግን አንድ በአንድ ፕራይቬት እያለ ይመዘግብ ነበር። ቅንብሩን የሠራሁለት እኔ ነበርኩ፤ ፕራይቬት ማለት ለሾፌሩም ፕራይቬት አለመሆኑን ያኔ አልነገርኩትም። አንድ ቀን ጠዋት ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ሲያስገባው፣ ከልቡ አዝኖ፣ «ጋሼ፣ አላህ አፊያ ያድርግዎ» አለው። ሰውዬው ሕመሙን ለባለቤቱ እንኳ ገና አልነገራትም ነበር። ሾፌሩ ምንም ክፋት የለበትም፤ በእኛ አገር የታመመን ሰው ሰምቶ ዝም ማለት ነው ነውሩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቢሮ ሳደራጅ አስቀድሜ የምጠይቀው «ማን ምን እንዳያይ ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ሳይሆን «ማን ምን የማየት ሥራ አለው?» ብዬ ነው።

አንዳንዶቻችሁ የማይክሮሶፍቱን አውትሉክ የምትጠቀሙ ከሆነም ነገሩ ብዙ አይለይም። በዚያም ሥራ መያዝን ብቻ የሚያሳይ፣ ርዕስና ቦታን የሚያሳይ፣ ዝርዝሩን ሁሉ የሚያሳይና የሚያስቀይር ደረጃ አለ። አንድ የተሻለ ነገር አለው፤ ጸሐፊን ወኪል አድርገው ሲሰይሙ ፕራይቬት ቀጠሮዎችን ማየት ትችል እንደሆነ ለብቻው ይጠይቃል፣ እርስዎም ባዶውን ሊተዉት ይችላሉ። ይሁንና ማይክሮሶፍት ራሱ በመመሪያው፣ ካላንደርዎን የማንበብ ፈቃድ ያለው ሰው በሌላ ፕሮግራም አማካይነት ዝርዝሩን ሊደርስበት ስለሚችል በዚህ ምልክት ብቻ እንዳይተማመኑ ያስጠነቅቃል።

ማስጠንቀቂያው የመጣው ከካላንደሮች አሠራር ነው። የተለያዩ ኩባንያዎች ካላንደሮች የሚግባቡት አይካሌንዳር በሚባል የጋራ ደንብ ሲሆን፣ ደንቡ መጀመሪያ በ1998፣ ተሻሽሎ ደግሞ አር.ኤፍ.ሲ 5545 በሚል የኢንተርኔት ደንቦች መለያ ቁጥር በ2009 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ወጥቷል። በዚህ ደንብ ውስጥ አንድ ቀጠሮ ለሁሉ የሚታይ፣ የግል ወይም ምስጢር መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር አለ። ያ መስመር የባለቤቱን ፍላጎት ይገልጻል እንጂ ጽሑፉን አይቆልፈውም፤ የሚቀበለው ፕሮግራም ካከበረው ይሸፈናል፣ ካላከበረው ከእነ ሙሉ ጽሑፉ ይታያል። በቢሮዎ መዝገብ ቤት አቃፊ ጀርባ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ምስጢር» ተብሎ እንደሚጻፈው ማለት ነው፤ መሳቢያው ካልተቆለፈ ቃሉ እጅ አይከለክልም።

እንግዲህ እኔ የምመክርዎት አንዱን ካላንደር በምልክት ከመከፋፈል ይልቅ ሁለት ካላንደር እንዲይዙ ነው። ጉግል በአንድ አካውንት ሥር ተጨማሪ ካላንደር ለመክፈት ይፈቅዳል። አንደኛውን «ቢሮ» ይበሉት፤ በእሱ ላይ የሚሰፍረው ባልደረቦችዎ ሊያውቁት የሚገባው ብቻ ይሁን፦ የችሎት ቀን፣ የመስክ ጉዞ፣ የቢሮው የጋራ ስብሰባ፣ የኪራይ መክፈያ ቀን። ይህን ለሦስቱም ባልደረቦችዎ ከእነ ዝርዝሩ የማየት፣ ለጸሐፊዋ ደግሞ የመቀየር ፈቃድ ይስጡ። ሁለተኛውን «ባለጉዳይ» ይበሉት፤ የምክር ቀጠሮዎች፣ የድርድር ውይይቶች፣ ምስክር የሚያነጋግሩበት ሰዓት እዚህ ይግባ። ይህን ለባልደረቦችዎ ዝቅተኛውን ደረጃ፣ ሥራ መያዝን ብቻ የሚያሳየውን፣ ቀጠሮ ለምትይዘው ጸሐፊ ግን እዚህም የመቀየሩን ፈቃድ ይስጡ። ሁለቱ ካላንደሮች በባልደረባዎ ስክሪን ላይ ተደራርበው ይታያሉ፤ እሱ የሚያየው «ረቡዕ ጠዋት ወልድያ ችሎት» የሚል አንድ ጽሑፍና ከሰዓት በኋላ ስም የሌለው አንድ የተያዘ ሰዓት ይሆናል። ደንበኛ ቢመጣ ምን ሰዓት ላይ እንደሚቀጥርልዎት ለማወቅ ይህ ይበቃዋል።

የራስዎን የግል ጉዳይ፣ የሐኪም ቀጠሮና የልጅ ትምህርት ቤት ስብሰባን የመሳሰለውን፣ በሁለቱም አያስገቡት። ለማንም ባልተጋራ በግል አካውንትዎ ይያዙትና በቢሮው ካላንደር ላይ «ቢሮ የለሁም» ብለው ሰዓቱን ብቻ ይዝጉት።

ፈቃዱን በኮምፒውተር ብራውዘር ላይ ቢያስተካክሉት ይሻላል። ካላንደሩን ከፍተው በግራ በኩል ከካላንደሩ ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑ፤ ወደ ቅንብርና ማጋሪያው ገጽ ይግቡ፤ እዚያ የተጋራላቸው ሰዎች ኢሜይል በዝርዝር ተቀምጦ ያገኙታል። የእያንዳንዱን ደረጃ ሳይዘሉ ያንብቡ። ከሁለት ዓመት በፊት ለሙያ ልምምድ መጥቶ የሄደ ተማሪ ስም እዚያው ቁጭ ብሎ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በዚያው ገጽ ካላንደሩን ለሕዝብ ክፍት የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ምልክት ካለበት ያንሡት። የሥራ ኢሜይላችሁ በድርጅት ስም የተገዛ ከሆነ ደግሞ ለድርጅቱ አባላት ሁሉ የሚከፍት ሌላ ምርጫ ስለሚኖር፣ ማን ምን እንደሚያይ የወሰነው አስተዳዳሪው ሊሆን ይችላልና እሱንም ይጠይቁ።

ስለ ጸሐፊዋ ለብቻው ልናገር። ስልክ የምታነሣው፣ ባለጉዳይ የምትቀበለው እሷ ናት፤ ስሙን ከካላንደር ላይ ብንደብቅባት ሰውየውን በሩ ላይ ታገኘዋለች። ስለዚህ ከእሷ ስም መደበቅ ራስን ማታለል ነው። ጉዳዩን ማወቅ ግን ሥራዋ አይደለም፤ ወይዘሮዋ የመጣችው ለፍቺ ይሁን ለውርስ ወይም ለቤት ሽያጭ፣ ቀጠሮ ለመያዝ አያስፈልጋትም። ከዚህ የሚከተለው፣ «ባለጉዳይ» በሚለው ካላንደር ላይ እንኳ የጉዳዩ ዓይነት ፈጽሞ መጻፍ የለበትም ማለት ነው። ከቅንብር ሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ይኸው ይመስለኛል፤ ያልተጻፈ ነገር ተሳስቶ አይጋራም።

ታዲያ ምን ይጻፍ? አብዛኞቹ ጠበቆች በወረቀት አጀንዳ ሲጽፉ የኖሩት «ወ/ሮ እገሌ፣ ፍቺ፣ 4 ሰዓት» እያሉ ነው፤ አጀንዳው ከቦርሳ ስለማይወጣ ጉዳት አልነበረውም። ልማዱ ሳይለወጥ ወደ ካላንደር ሲሻገር ነው ችግሩ የመጣው። ለየደንበኛው የራስዎን የውስጥ ቁጥር ይስጡ፤ ለምሳሌ «መ-47፣ ምክር፣ ቢሮ»። የቁጥሩን ትርጉም የያዘው መዝገብ በተቆለፈ መሳቢያ ይቀመጥ። የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቁጥር ግን እንደ ምስጢር ስም አይጠቀሙበት፤ በፍርድ ቤት ግቢ ውሎ ለሚያድር ባልደረባ ያ ቁጥር ከስም የማይተናነስ መታወቂያ ነው።

የቦታው መስመርም እንደ ርዕሱ ይናገራል። ደሴ ላይ «ሸሪዓ ፍርድ ቤት» ብሎ ቦታ የጻፈ ሰው፣ ጉዳዩ የጋብቻ ወይም የውርስ መሆኑን ሳያስበው ተናግሯል። «ሆስፒታል» ካለ ደግሞ ወይ ታሟል፣ ወይ የአካል ጉዳት ማስረጃ ሊያወጣ ነው። ለባልደረባዎ የሚያስፈልገው እርቀትዎ ነው፦ ከተማ ውስጥ ነዎት፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ኮምቦልቻ ነዎት ወይስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ወልድያ? «ከቢሮ ውጭ፣ ኮምቦልቻ» የሚለው ይህን ይመልሳል። በአንጻሩ የችሎት ቀጠሮን ያን ያህል መሸፈን አያስፈልግም፤ ችሎቱ በመደበኛው ለሕዝብ ክፍት ነውና፣ ባልደረባዎ በእርስዎ ምትክ ቀርቦ ተለዋጭ ቀጠሮ መጠየቅ ቢኖርበት የችሎቱን ስም ማወቅ አለበት። በዝግ ችሎት የሚታየው ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እሱን «ባለጉዳይ» ከሚለው ጋር ይመድቡት።

ዝርዝሩ ሲሸፈን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይመጣል፤ ስሕተትም አብሮ ይሸፈናል። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ የሚሰጠው በእኛ አቆጣጠር ነው። «ለጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የተባለ የዝግ ችሎት ቀጠሮ በ«ባለጉዳይ» ካላንደር ላይ ኦክቶበር 22 ቀን 2025፣ ረቡዕ፣ 9 ሰዓት ኤኤም ሆኖ መግባት አለበት። ጸሐፊዋ በችኮላ ኦክቶበር 12፣ 3 ሰዓት ኤኤም ብላ ብታስገባው፣ ቀጠሮው ጥቅምት 2፣ እሑድ ሌሊት ላይ ይቀመጣል። ርዕሱ ለሁሉም ይታይ በነበረበት ጊዜ አንዱ ባልደረባ «እሑድ ሌሊት ምን ችሎት አለ?» ብሎ ያርመው ነበር፤ አሁን የሚያየው ስም የሌለው አንድ ሳጥን ስለሆነ የእርስዎ የግል ጣጣ ይመስለውና ያልፈዋል። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ባዶ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ በርዕሱ ውስጥ የእኛን ቀንና ሰዓት በቃል ደግመው ይጻፉት፤ «መ-47፣ ጥቅምት 12፣ ጠዋት 3» ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ እሑድ ላይ ቢወድቅ እርስዎ ወይም ጸሐፊዋ ወዲያው ታዩታላችሁ።

የሙሉ ቀን ቀጠሮም ሰው ያሳስታል። ምስክር ለማነጋገር ወልድያ ለመሄድ በ«ባለጉዳይ» ካላንደር ላይ «ሙሉ ቀን» የሚለውን ሲመርጡ፣ ጉግልም አውትሉክም ካልነገሯቸው በቀር እርስዎን ነጻ አድርገው ይቆጥሩዎታል። ሥራ መያዝዎን ብቻ የሚያይ ባልደረባ ያን ቀን ባዶ ያገኘዋል፤ ደንበኛ ይቀጥርልዎታል፤ ደንበኛው ቢሮዎ በር ላይ ሲጠብቅ እርስዎ በወልድያ መንገድ ላይ ያለችውን የመርሳ ከተማ አልፈው ይሆናል። ቀጠሮውን ሲያስገቡ «ነጻ» የሚለውን ወደ «ሥራ ይዣለሁ» መለወጥ አንድ ጠቅታ ነው። «ፐብሊክ» (ለሁሉ የሚታይ) የሚለውን የቀጠሮ ምልክት ደግሞ ሳያስቡ አይንኩት፤ ሥራ መያዝዎን ብቻ እንዲያይ ለፈቀዱለት ሰውም ቢሆን የዚያን ቀጠሮ ዝርዝር ይከፍትለታል።

ቅንብሩ ሁሉ ተስተካክሎ ነገር የሚያፈስባቸው ሌሎች ቀዳዳዎች አሉ። ከሁሉ የከፋው፣ ካላንደሩን ሳይሆን አካውንቱን ማጋራት ነው። በቢሮዎቻችን አንድ ጂሜይል ለሁሉም፣ የይለፍ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። የእርስዎም ካላንደር በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው በእርስዎ ስምና የይለፍ ቃል ከሆነ፣ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ነው፤ እሷና ከእሷ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ካላንደርዎን ብቻ ሳይሆን ደብዳቤዎን፣ ፋይሎችዎንና የፎቶ ክምችትዎን ያያሉ። ለእሷ የራሷ አካውንት ይከፈትና ካላንደሩ ለዚያ ይጋራ፤ የእርስዎ የይለፍ ቃል ይለወጥ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይብራ፣ በሌላ መሣሪያ ላይ ተከፍቶ የቀረው ሁሉ ይዘጋ።

ሁለተኛው ቀዳዳ፣ በካላንደሩ ቅንብር ገጽ ግርጌ አካባቢ የሚገኘው በአይካል (ከላይ ባነሣሁት የአይካሌንዳር ደንብ) መልክ የተዘጋጀ ምስጢራዊ የኢንተርኔት አድራሻ ነው። አድራሻው በእጁ የገባ ሰው ያለ ይለፍ ቃል ቀጠሮዎቹን ከእነ ዝርዝራቸው ያነባል፤ ለባልደረቦችዎ የሰጡት የፈቃድ ደረጃም አያግደውም። ምናልባት ከዓመታት በፊት ስልክዎን ከላፕቶፕዎ ጋር ለማገናኘት ሲሉ ለአንድ ሰው በቴሌግራም ልከውት ይሆናል። መላክዎን ከተጠራጠሩ፣ እዚያው ያለውን አድራሻውን የሚያድስ ቁልፍ ይጫኑ፤ አሮጌው ወዲያው መሥራት ያቆማል።

ግብዣም አለ። ደንበኛዎን ወይም ምስክርን በኢሜይል ወደ ቀጠሮ ሲጋብዙ፣ የጻፉት ርዕስና ማብራሪያ እንዳለ ወደ እነሱ ይሄዳል፤ ካልከለከሉ የሌሎቹን ተጋባዦች ዝርዝርም ያያሉ። ባልና ሚስትን በአንድ የድርድር ቀጠሮ ከጋበዙ በኋላ በማብራሪያው ላይ ለራስዎ ማስታወሻ አድርገው «አቋሟ ጠንካራ ነው፣ ቤቱን አትለቅም» ብለው ቢጽፉ፣ ባልየው ያነበዋል። ማስታወሻ በካላንደር ላይ አይጻፍ፤ መዝገቡ ውስጥ ይሁን። አንዴ የተላከ ግብዣ ደግሞ ቅንብር ቢለወጥም ከሰውየው ደብዳቤ ሳጥን አይመለስም።

የቀሩት የዓይን ነገሮች ናቸው። ስልክዎ ተቆልፎ እያለ የቀጠሮ ማስታወሻ በፊቱ ላይ ርዕሱን ያበራል፤ በቅንብሩ ይዘቱን ይሸፍኑት። የጸሐፊዋ ስክሪን ወደ ባለጉዳይ መጠበቂያው ወንበር የዞረ ከሆነ ጠረጴዛውን ያዙሩት። የሳምንቱን መርሐ ግብር በስክሪን ፎቶ አንሥቶ በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍ ይቅር፤ ፎቶ ፈቃድ አያውቅም።

የሕጉን ጉዳይ እርስዎ ከእኔ በላይ ስለሚያውቁት አላስረዝምም። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተደነገገ መሆኑን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ማንኛውም አካል መረጃውን እንዲጠብቅ ግዴታ እንደሚጥል ብቻ አስታውሳለሁ። ካላንደር በዚህ ዓይን ሲታይ የሰው ስም፣ ሰዓትና ጉዳይ የሰፈረበት የመረጃ መዝገብ ነው። የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር ሲታከልበት፣ ደንበኛዎ «ስሜን ማን አየው?» ብትል መልስ ሊኖርዎት ይገባል።

አንድ ተቃውሞ ከባልደረቦችዎ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። «ስም ካላየን፣ የእርስዎን ደንበኛ ባል እኔ ሳላውቅ ብቀበለውስ?» ይላሉ። ሚስትየዋ አንዱን ጠበቃ ባማከረች ሳምንት ባልየው እዚያው ቢሮ የጎረቤቱን በር ሊያንኳኳ ይችላል፤ ደሴ ያን ያህል ሰፊ አይደለችም። ይህን ግን ካላንደር አይፈታውም። ስሞቹ ለሁሉም ተገልጠው በነበሩበት ጊዜም ቢሆን ግጭቱን የሚያገኘው በአጋጣሚ ያየ ሰው ብቻ ነበር። የሚሻለው አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ጸሐፊዋ ብቻ የምትይዘውን የስም መዝገብ እንድትመለከትና «ከአንዳችን ጋር ይነካካል» ወይም «አይነካካም» ብላ እንድትመልስ ማድረግ ነው፤ ከማን ጋር፣ በምን ጉዳይ የሚለው አይጠየቅም፣ አይነገርም። ለዚህ ሥራ ጸሐፊዋ የምስጢር ጥበቃ ግዴታ በጽሑፍ ትፈርም።

ለውጡን ብቻዎን አያድርጉት። ትናንት ርዕስ ሲያይ የነበረ ባልደረባ ዛሬ ባዶ ሳጥን ሲያገኝ «ምን በደልኩ?» ማለቱ አይቀርም፤ በእኛ ዘንድ አንድ ገበታ ላይ የተቀመጠ ሰው «ወዴት ነህ፣ ከማን ጋር ነህ» ማለቱ የመቀራረብ ወግ ስለሆነ ድንገት መሸፈን እንደ መኮራረፍ ይቆጠራል። በአንድ ከሰዓት በኋላ አራታችሁም አብራችሁ ተቀምጣችሁ፣ ቡናው እየፈላ፣ ሁላችሁም በአንድ ዓይነት መንገድ ብታስተካክሉት ማንም ከማንም የሸሸገ አይመስልም።

ሥራው ማለቁን የሚያረጋግጡት በራስዎ ስክሪን አይደለም፤ ለባለቤቱ ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ይታየዋል። «ባለጉዳይ» በሚለው ካላንደር ላይ «የሙከራ ቀጠሮ፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 8» የሚል አንድ ቀጠሮ ያስገቡ። ከዚያ ባልደረባዎን ስልኩን አውጥቶ ሐሙስን እንዲከፍትልዎት፣ ጸሐፊዋንም በራሷ አካውንት እንድትከፍተው ይጠይቁ። ባልደረባዎ የሚያየው የተያዘ ሰዓት ብቻ ከሆነ በትክክል ሠርተውታል። «ሙከራ» የሚለውን ቃል ካነበበልዎት ግን የቀደመው ፈቃድ በሆነ ቦታ፣ ምናልባት በሌላ ኢሜይሉ፣ አልተነሣም ማለት ነውና ወደ ማጋሪያው ዝርዝር ይመለሱ።